ከሽመና ቤት የወጣው የቶዮታ መሥራች፦ ኪቺሮ ቶዮዳ ማን ነበር?

እስቲ ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ጋ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ቁጠሩ። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ቶዮታ ሃይስ ነው። ከኋላው ጡሩምባ የሚነፋው ቪትዝ፣ እሱም ቶዮታ። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደው ያሪስ፣ ዕድሜ የጠገበው ዲኤክስ ኮሮላ፣ መስታወቱ የጠቆረው ላንድክሩዘር፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ወደ መንደሩ ውስጥ ግቡ። እዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወሩ ነጠላና ጋቢ ይሠራሉ። የጉለሌ ስም በመላ አገሪቱ የሚነሳው በዚህ ሙያ ነው።

መኪናውና ሽመናው ምን ያገናኛቸዋል? ብላችሁ ይሆናል። በጣም ይገናኛሉ። ቶዮታ የተወለደው ከሽመና ዕቃ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁም ያንን መኪና ስለፈጠረው፣ ግን ፍሬውን ሳያይ ስላለፈው ሰው ነው።

የሸማኔ ዕቃ ሠሪው ልጅ

ኪቺሮ ቶዮዳ የተወለደው እ.ኤ.አ ጁን 11 ቀን 1894 ጃፓን ውስጥ ነው። በእኛ ስናሰላው የአድዋ ድል ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ማለት ነው።

አባቱ ሳኪቺ ቶዮዳ የገጠር አናጢ ልጅ ነበር። እኛ ጋ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። በሳኪቺ መንደር ግን የሚሸምኑት ሴቶች ነበሩ። ሳኪቺ ልፋታቸውን እያየ አደገና ዕቃውን ለማሻሻል ተነሳ። በ1891 ለሠራው የእንጨት የእጅ ሽመና ዕቃ የፈጠራ መብት አገኘ።

ፈጠራው ግን ቤቱን አስከፍሎታል። ሰውየው ቀን ከሌት ዕቃው ላይ ስለሚባክን፣ የኪቺሮ እናት ልጇን በወለደች ብዙም ሳትቆይ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። ሕፃኑን ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው።

ኪቺሮ ቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1920 በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት አባቱ ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመረና ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተጓዘ። እንግሊዝ አገር፣ ኦልድሃም ከተማ፣ ፕላት ብራዘርስ የሚባል በዘመኑ ስመ ጥር የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ተማረ።

ከዚያ አባትና ልጅ አብረው በ1924 አዲስ ማሽን አወጡ። ማሽኑ ማጉ ሲያልቅበት ሳይቆም ራሱ መወርወሪያውን ይቀይራል። ክር ሲበጠስ ደግሞ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ የተበላሸ ጨርቅ አይወጣም፣ አንድ ሠራተኛም ብዙ ማሽን ይጠብቃል። ይቺን ራሱ ይቆማል የምትለዋን ነገር ያዙልን፣ ኋላ ትመጣለች።

በ1929 ያው ኪቺሮ እንደ ተማሪ የገባበት ፕላት ብራዘርስ የዚህን ማሽን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። አስተማሪው ከተማሪው ገዛ ማለት ነው። ሳኪቺ በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ አረፈ። እሱ በሽመና ማሽን አገሩን እንዳገለገለ ልጁም በመኪና እንዲያገለግል አደራ እንዳለው ይነገራል።

ባለንብረቶች የተማረሩበት መኪና

ያኔ የጃፓን መንገድ የአሜሪካኖች ነበር። ፎርድ በ1925 ዮኮሃማ ላይ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1927 ኦሳካ ላይ መኪና መገጣጠም ጀምረዋል። በዚህ መሀል አንድ የሽመና ማሽን ፋብሪካ መኪና ልሥራ ብሎ መነሳቱ ለብዙዎች እብደት ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ የነበረው የእህቱ ባል ሪሳቡሮ ሳይቀር መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን አልደገፈም።

ኪቺሮ ግን በ1933 በፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋመ። ሼቭሮሌት ገዝተው ብሎን በብሎን ፈታቱት። እያንዳንዱን ዕቃ ለክተው፣ ስለው፣ አስመስለው መሥራት ጀመሩ። የሞተር ብሎክ አቅልጦ ማፍሰስ አሳራቸውን አበላቸው፣ የሚወጣው ሁሉ እየተበላሸ ይጣል ነበር። የመጀመሪያው ሞተር ያለቀው በ1934 ነው።

አሁን ልብ በሉ። የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው በ1935 ለዕይታ ወደ ቶኪዮ ሲሄድ መንገድ ላይ ተበላሸ። ተጠግኖ ነው የደረሰው። ከተሸጠም በኋላ በየቦታው ይቆም ነበር። ዛሬ አይሞትም የሚባለው ቶዮታ ያኔ ባለንብረቶቹን ያማረረ መኪና ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ?

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ኪቺሮ ባደረገው ነገር ነው። መኪናው በቆመበት ሁሉ የፋብሪካው ሰዎች እየሄዱ ጠገኑ። የተበላሸው ዕቃ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ለምን እንደተሰበረ ተጠና፣ ቀጣዩ መኪና ላይ ተስተካከለ። የባለንብረቱ ምሬት የፋብሪካው ትምህርት ቤት ሆነ።

በ1936 ኤኤ የምትባለው የቤት መኪና ለገበያ ቀረበች። በዚያው ዓመት ለዓርማ ውድድር ተደርጎ 27,000 ገደማ ንድፍ ቀረበ። ከዚህ በኋላ ነው ቶዮዳ የሚለው የቤተሰብ ስም ቶዮታ የሆነው። ምክንያቱ ደግሞ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚወጣው ነው፣ ስምንት እነሱ ጋ የመልካም ዕድል ቁጥር ናት። ኩባንያው በዚህ ስም በይፋ የተቋቋመው ኦገስት 28 ቀን 1937 ነው።

ዕቃ በሰዓቱ፣ በልኩ

በ1938 ኮሮሞ በምትባል ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተከፈተ። ከተማዋ ኋላ ስሟን ቀይራ ቶዮታ ተብላለች። ኪቺሮ እዚያ ያስገባው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፦ እያንዳንዱ ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለገው ልክ ብቻ ይምጣ። መጋዘን ሞልቶ ገንዘብ አይታሰር።

ይሄ ሐሳብና ቅድም ያዙልን ያልናችሁ ክር ሲበጠስ ራሱ የሚቆመው የሽመና ማሽን፣ ሁለቱ ተጣምረው የዛሬው የቶዮታ አሠራር ምሰሶ ሆነዋል። ዛሬም በቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኛው ችግር ካየ ምልክት ሰጥቶ መስመሩን ማስቆም ይችላል። የተበጠሰውን ክር ሳይቀጥሉ ወደፊት መሄድ የለም።

ታሪኩ ግን ሁሉም ጥሩ ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን ፋብሪካው ለጃፓን ጦር የጭነት መኪና ያመርት ነበር። ጃፓን እጅ መስጠቷን ከማወጇ አንድ ቀን በፊት፣ ኦገስት 14 ቀን 1945፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ፋብሪካውን ደበደቡት። ከዚያ በኋላ ለመኖር ሲሉ ድስትና መጥበሻ እስከ መሥራት ደርሰዋል።

ቃሉን ያልጠበቀው ሰው

ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ኢኮኖሚ ታመመ። መኪና ይሸጣል፣ ገንዘቡ አይሰበሰብም። በ1949 መጨረሻ ቶዮታ ለኪሳራ አፋፍ ላይ ደረሰ። ኪቺሮ ለሠራተኞቹ ማንንም አላባርርም ብሎ ነበር። ባንኮች ግን ብድር የሰጡት ድርጅቱ እንዲያሳንስ ፈልገው ነው። በ1950 ወደ 1,600 ሰው ይቀነሳል ሲባል ሠራተኛው አመፀ፣ አድማው ለወራት ዘለቀ። መጨረሻ ላይ ከተባለውም የሚበልጥ ሰው ከሥራ ወጣ።

ኪቺሮ ያደረገው ምንድን ነው? ሰው አስወጥቶ ወንበሩ ላይ አልቀረም። ጁን 1950 መጀመሪያ ላይ እሱም ሥራውን ለቀቀ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የኮሪያ ጦርነት ተነሳ። አዎ፣ ኋላ የኛም ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት። የአሜሪካ ጦር ከቶዮታ የጭነት መኪና በብዛት አዘዘ፣ ድርጅቱም ከሞት ተረፈ። ኪቺሮ ግን ቤቱ ነበር። ተተኪው ኢሺዳ ታይዞ ተመልሶ እንዲመራ ለምኖት ተስማማ። ሳይመለስ ማርች 27 ቀን 1952 በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። ገና 57 ዓመቱ ነበር።

ኮሮላን አላያትም፣ የወጣችው በ1966 ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ወያላው ተንጠልጥሎ የሚጣራበትን ሃይስንም አላየም፣ እሱ የወጣው በ1967 ነው። ቪትዝማ በ1999 ነው የመጣችው።

እኛ ጋስ?

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የቶዮታ ወኪል ሆኖ አዲስ መኪና የሚያስገባው ሞኤንኮ ነው። አብዛኛው ሰው የሚነዳው ግን ያገለገለውን ነው። ባለቪትዝ ስታገኙ ለምን ቶዮታ በሏት። መልሱ ይታወቃል፦ ነዳጅ አይበላም፣ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፣ ስትሸጠው አትከስርም። ብዙ ሰው መኪናውን እንደ ባንክ ደብተር ነው የሚያየው።

ሐሜቱም አለ። ቪትዝ ቦዲዋ ስስ ነው፣ አምስት ሰው ጭና የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፣ ኮብልስቶን ላይ ከታች ትመታለች ይላሉ። ዋጋውም ከመኪናው አቅም በላይ ሆኗል የሚለው ብዙ ነው። ለዚህ ቀረጡና ኤክሳይዝ ታክሱ ትልቅ ድርሻ አላቸው፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው ሕግ አሮጌ መኪና ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጥሏል።

ድርጅቱም ራሱ ከነቀፌታ አላመለጠም። እ.ኤ.አ በ2009 እና 2010 ከነዳጅ መስጫ ፔዳል ጋር በተያያዘ ችግር በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ጃንዋሪ 2024 ላይ ደግሞ ሃይስና ላንድክሩዘርን ጨምሮ የሚገጠሙ አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ሲፈተሹ ማጭበርበር እንደነበር ታወቀ። ሞተሮቹን የሚሠራው ድርጅት የትኛው መሰላችሁ? ያው ሳኪቺ የመሠረተው የሽመና ማሽን ፋብሪካ። ክር ሲበጠስ የሚቆም ማሽን የፈጠረ ቤት፣ የራሱ ክር ሲበጠስ አልቆመም።

አሁን ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ መንገዱን ለኤሌክትሪክ መኪና ከፍቷል። ቪትዟን እንደ ባንክ ደብተር ያስቀመጠ ሁሉ ነገ ምን ይሆናል እያለ ነው።

እኛን ግን ከመኪናው በላይ የሚያሳስበን ሽመናው ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እጁ ላይ ያለው ጥበብ የማንንም አያንስም። ዛሬ ግን የጥበቡ መልክ ውጭ አገር በፋብሪካ ታትሞ፣ በርካሽ ተመልሶ ይሸጥበታል። ዕቃው ያው የአያቶቹ ዕቃ ነው። ሳኪቺ ሲጀምር ሀብት አልነበረውም፣ የአናጢ ልጅ ሆኖ የሚሸምኑትን ሰዎች ድካም ማየቱ ነው ያስነሳው። እዚሁ ሰፈር ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የሸማኔ ልጅ ስንት አለ? የአባቱን ዕቃ ቁጭ ብሎ ያየውስ ስንት ነው?

ጉለሌ ያላችሁ፣ ሽመና ቤት ያደጋችሁ፣ ቶዮታ የምትነዱ ቤተሰቦቻችን፣ የምታስቡትን ጻፉልን።