ቫልተር ፍሌሚንግና የኑክለሱ ክሮች

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ ያለው ኑክለስ ምን እንደሚሆን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የነበሩት ሊቃውንት አልተስማሙም ነበር። ገሚሶቹ ኑክለሱ እንደ ሊጥ መሐሉ ቀጥኖ ለሁለት ይቆረጣል አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ለልጆቹ ሕዋሳትም አዲስ ኑክለስ ይፈጠርላቸዋል ይሉ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ኑክለሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ በእርሱ አማካይነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር አለ ለማለት አይቻልም።

ለክርክሩ በዓይን የሚታይ መልስ ካቀረቡት መካከል ዋነኛው ቫልተር ፍሌሚንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 በጀርመን አገር በሽቬሪን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ዛክሰንበርግ ተወለደ። አባቱ በዚያው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ነበር። ልጁም ሕክምና አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1871 በተደረገው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት በሐኪምነት አገለገለ። በፕራግ ጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1876 በኪል ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም መኖሪያው ኪል ነበረች።

ለምርምሩ የመረጠው እንስሳ ሳላማንደር ነው። ምርጫው ብልህነት የተመላበት ነበር፤ የዚህ እንስሳ ሕዋሳት ትልልቅ፣ ኑክለሳቸውም ጎልቶ የሚታይ ነው። ፍሌሚንግ ሥጋውን ክሮሚክ፣ ኦስሚክና አሴቲክ አሲድ በተቀላቀሉበት ፈሳሽ አድርቆ፣ በዘመኑ የጀርመን ፋብሪካዎች ያወጡትን የአኒሊን ቀለም ቀባው። ቀለሙን አጥብቆ የሚይዘውን የኑክለስ ክፍል ክሮማቲን አለው። ክፍፍሉ ሲጀመር ይህ ነገር አይጠፋም፤ ወደ ክሮች ይለወጣል፣ ክሮቹ ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፣ በሕዋሱ መካከል በኮከብ መልክ ይሰለፋሉ፤ ከዚያም ሁለት ወገን ሆነው ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሄዳሉ። የሚሄዱበትን ቀጫጭን መስመሮች ሊቃውንቱ እንዝርት ብለውታል፤ ፈትል የሚያውቅ ሰው ስሙ ለቅርጹ የተገባ መሆኑን ይመሰክራል።

ተጠራጣሪዎች ግን ክሮቹን የፈጠራቸው አሲዱ ነው ለማለት ይችሉ ነበር። ፍሌሚንግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ብርሃን በሚያሳልፈው የሳላማንደር ጫጩት ጅራት ላይ፣ ሕዋሱ በሕይወት እያለ ሲከፈል በማይክሮስኮፕ ሥር ለሰዓታት ተመለከተ፤ በሕያው ሕዋስ ያየውንም በቀለም ከተነከረው ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። ታላቅነቱ ከቀለሙ ይልቅ በዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ክር ከሚለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ ሒደቱን ሚቶሲስ ብሎ ሰየመው። እያንዳንዱ ክር በቁመቱ ለሁለት እንደሚሰነጠቅም ገልጧል። ግማሾቹ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ መሄዳቸውን ገመተ እንጂ ተከታትሎ አላረጋገጠም፤ በማግሥቱ ዓመት የቤልጅጉ ኤድዋርድ ቫን ቤነደን በትል እንቁላል ላይ ይህንኑ አሳየ። ክሮሞዞም የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ዋልዳየር ነው።

የግሬጎር ሜንዴል የዘር ውርስ ጥናት ከ1866 ጀምሮ ታትሞ ቢገኝም፣ ፍሌሚንግ ክሮቹን ከዚያ ጋር አላገናኛቸውም። ግንኙነቱ በሌሎች ሰዎች የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ እርሱ በሕመም ተዳክሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 በ62 ዓመቱ በኪል ዐረፈ። ከሰው ዓይን በተወሰዱ ሕዋሳት ላይም ክሮቹን አይቶ በሥዕል አስፍሯቸዋል፤ ትክክለኛው ቁጥራቸው 46 መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።