ደንሎፕና የኳስ ፖምፓዋ

የምትሠሩበት ቤት ልጆች ኳሳቸው ሲተነፍስ ፖምፓውን አምጪልን ብለዋችሁ ያውቁ ይሆናል። ዛሬ የማጫውታችሁ ሰው ታሪክም የሚጀምረው ከኳስ ፖምፓ ነው።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1840 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ተወለደ። ሙያው የእንስሳት ሕክምና ሲሆን፣ ኑሮውን የመሠረተው ባሕር ተሻግሮ በአየርላንዷ ቤልፋስት ነው። በ1887 ትንሹ ልጁ በባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ሲንገጫገጭ አየ። በዚያ ዘመን የብስክሌት ጎማ ድፍን ነበር። ደንሎፕ በክብ እንጨት ዙሪያ የጎማ ቱቦ ጠቅልሎ በስስ ጨርቅ ሸፈነው፤ ዳር ዳሩን በሚስማር መታው፤ በኳስ ፖምፓም ነፋው። ከዚያ ይህንንና ድፍኑን ጎማ ግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። ድፍኑ ሳይርቅ ወደቀ። በአየር የተሞላው እስከ በሩ ሄዶ ነጥሮ ተመለሰ።

በዲሴምበር 1888 ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ተሰጠው። በዓመቱ ዊሊ ሂዩም የተባለ ብስክሌተኛ በዚሁ ጎማ ቤልፋስት ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። ነጋዴዎች መጡ፤ ኩባንያም ተቋቋመ።

በ1890 ግን መርዶው ደረሰ፤ ፓተንትህ አይጸናም ተባለ። ለካ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ በ1845 በአየር የሚሞላ ጎማ አስመዝግቦ ኖሯል! የቶምሰን ጎማ ለንደን ውስጥ በፈረስ ጋሪ ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ግን ገበያ አላገኘምና ተረሳ። ቶምሰን ራሱም ከሞተ 17 ዓመት አልፎታል።

ዐረቦች ፓተንትን «በራአት ኢኽቲራዕ» ይሉታል። «በራአ» ከጥፋት ነጻ መሆንም ነው። ይህን ቃል በተረጎምሁ ቁጥር ደንሎፕ ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም እሱ ከማንም አልሰረቀም። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሰረቅህ ወይ ብሎ አይደለም፤ ነገሩ ለዓለም አዲስ ነው ወይ ብሎ ነው። ዛሬ ፖምፓዋ በሆዷ ውስጥ ተሠርታ በምትሸጥ ኳስ ላይም የሚነሣው ክርክር ከዚህ አይርቅም። ኳስም ነበረ፣ ፖምፓም ነበረ፤ ሁለቱን ማጣመር ፈጠራ ነው ወይስ ማንም ባለሙያ አስቦ የሚደርስበት?

ኩባንያው ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጥብቀው የሚያያይዙ የሌሎች ሰዎችን ፓተንቶች ገዝቶ ተረፈ። ደንሎፕ በ1895 ለቀቀ፤ አብዛኛውን ድርሻውንም ሸጠ። በዓመቱ ኩባንያው በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ! እሱ በ1921 ደብሊን ውስጥ በ81 ዓመቱ ሲሞት ከጎማው ያገኘው ሀብት ያን ያህል አልነበረም።