ልዕልት ፀሐይ፤ እየሠሩ የተማሩ ነርስ

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱና በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ይማሩ ጀመር። በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ የሚማረው እየሠራ ነበር፤ አልጋ ሲያነጥፍ፣ የሕሙማንን ገላ ሲያጥብ፣ ሙቀት ሲለካ ይውልና በተረፈው ሰዓት ለፈተና ያጠናል። ልዕልቲቱም ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ፤ በጋይስ ሆስፒታልም ቀጠሉ። ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ነገር ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና በተያያዘ ሕመም በነቀምት ዐረፉ። የሕፃናትን ሕይወት ለመጠበቅ የሠለጠኑት ነርስ የራሳቸውን ልጅ ሳያቅፉ ቀሩ። በስማቸው በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒታል ግን ነርሶችን አሠለጠነ፤ እነዚያም እንደ እርሳቸው ሙያውን የቀሰሙት ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው።