አፄ ምኒልክን አልጋ ላይ የጣላቸው በሽታ ዛሬም ቤታችን አለ

ዓድዋን የማያውቅ የለም። የዓድዋው ንጉሥ የመጨረሻ ዓመታቸውን እንዴት አሳለፉ ቢባል ግን ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው። አፄ ምኒልክን የጣላቸው ጥይት አይደለም፣ ጦርም አይደለም። ስትሮክ ነው። ያውም አንዴ መጥቶ የሄደ ሳይሆን የተመላለሰ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ምኒልክ ነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ፣ ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ወሰዷቸውና 10 ዓመት ገደማ በግዞት ኖሩ። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፣ ነገሡም።

ለእኛ ለጎጃሞች ደግሞ ታሪካቸው ቅርብ ነው። በ1874 እምባቦ ላይ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተዋግተው አሸነፉ፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ። ከ14 ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ሁለት ሰዎች ዓድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰለፉ። የጎጃም ጦርም አብሮ ዘመተ።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ አላረፉም። ባቡሩ፣ ስልኩ፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር። ለሥራ የማይደክሙ ሰው ነበሩ።

1898 ዓ.ም. ክፉ ዓመት ሆነ። መጋቢት ላይ የአክስታቸው ልጅ ራስ መኰንን ሞቱ፤ ብዙ ሰው አልጋ ወራሽ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቃቸው እሳቸውን ነበር። በዚያው ዓመት ንጉሡን የመጀመሪያው ስትሮክ መታቸው። ዕድሜያቸው 61 ነበር። አገገሙ። በ1900 ደግሞ ተመለሰባቸው።

ምኒልክ ነገሩ ገብቷቸው ነበር ማለት ይቻላል። በ1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ፣ በ1901 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ጥቅምት 1902 ላይ ግን ከባዱ መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። አገር በቃላቸው ይንቀሳቀስ የነበረ ሰው፣ ቃል ማውጣት አቃታቸው።

ከዚያ በኋላ 4 ዓመት ገደማ አልጋ ላይ ቆዩ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሥልጣን ሽኩቻው ጦፈ። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ያዙ፤ መጋቢት 1902 መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አወረዷቸው። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ። ሥልጣኑ ጎረምሳው ኢያሱ እጅ ገባ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ምኒልክ አረፉ፤ ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ አልተነገረም። ኢያሱ በ1909 መስከረም ከሥልጣን ወረዱ፣ ጥቅምት ላይ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሺዎች አለቁ። የአንድ ሰው አእምሮ ሲታመም አገር ምን እንደሚሆን እዩት እንግዲህ።

ያኔ ንጉሡ መርዝ ተሰጣቸው የሚል ወሬ ተናፍሷል። አሁንም እኮ ያው ነን። አንድ አባት ድንገት ፊቱ ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል፣ ምች ነው፣ መጋኛ ነው፣ ሰው አስደርጎበት ነው እንላለን። ስትሮክ ማለት ግን ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ዋናው መንስኤ ደግሞ የደም ግፊት ነው። ግፊት ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፤ አያምም፣ አያስነሳም። ትንንሾቹን የደም ሥሮች ዓመት ሙሉ ያደርቃቸዋል፣ ያጠባቸዋል። አንዳንዱ ስትሮክ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ቀስ በቀስ ግን መርሳት ይጀምራል፣ ለመወሰን ይቸገራል፣ እርምጃው ይዘገያል። እኛ ያረጀ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን አንጎሉን ያስረጀው ግፊቱ ነው።

የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ ደግሞ ይስማ። በ32 አገሮች፣ አፍሪካንም ጨምሮ፣ በተሠራ ትልቅ ጥናት ከ10 ስትሮክ 9ኙ ልንቀይራቸው ከምንችላቸው 10 ነገሮች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በሁሉም አካባቢ ከፊት የሚመጣው የደም ግፊት ነው። በዓለም ላይ ግፊት ካለበት አዋቂ ግማሽ ያህሉ ደግሞ እንዳለበት አያውቅም።

አስገራሚው ነገር ምን መሰላችሁ? ክንድ ላይ የሚታሰረውን የግፊት መለኪያ የሠራው ሪቫ ሮቺ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነው፤ ይፋ ያደረገውም ዓድዋ ላይ አገሩ በተሸነፈችበት በፈረንጆቹ 1896 ዓመት ነው። ግፊት የሚቀንሰው ቀላል ኪኒን ግን እስከ 1950 ዓ.ም. ገደማ ገበያ ላይ አልወጣም። የምኒልክ ሐኪሞች፣ ከጓዴሎፕ የመጣው ዶክተር ቪታሊያንም ቢሆን፣ በእጃቸው ያ ኪኒን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥት ያላገኘውን መድኃኒት የቡሬ ገበሬ ዛሬ ማግኘት ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቡሬ በርበሬ ችግር የለበትም፤ ችግሩ አብሮ የሚፈጨው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አረቄውንና ሲጋራውን መቀነስ ነው። ኪኒን የተጀመረለት ሰው ደግሞ ተሻለኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ የተሻለው ኪኒኑን ስለወሰደ ነው።

ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ቶሎ ሆስፒታል። ጠበል ይከለከል ያለ የለም፣ ግን ሰዓቷ እንዳታልፍ።

ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ልጆች፣ እናትና አባታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ግፊት የተለኩት መቼ ነው? ለገበያ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሲወጡ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ግቡ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።