ዐፄ ምኒልክና የደጋው አፈር

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ነው። ከተማዪቱን የቈረቈሩት አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ የትውልዳቸው ሐረግ ወደ ኋላ ሲመዘዝ መንዝ፣ አጋንቻ፣ ከነጋሢ ክርስቶስ ዘንድ ይደርሳል። በዚያ አገር የተወለደ ሕፃን አስቀድሞ የሚያሸተው የኩበት ጢስ ነው፤ ዛፍ በተራቈተው ውርጫም ደጋ ምድጃው የሚነደው በከብት እበት ነውና። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ከተጻፈው አብዛኛው ስለ ዐድዋ፣ ስለ ባቡር ሐዲድና ስለ ስልክ ይናገራል፤ ከእግራቸው ሥር ስለ ነበረው አፈር ግን እምብዛም አያነሣም።

ኩበት ሲነድ የሚሆነውን የሙያው ሰዎች ያውቁታል። በእበቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በዐመዱ ውስጥ ቢቀሩም ዐመዱ ከጓሮ ይደፋል እንጂ ወደ ሩቁ የገብስ ማሳ አይመለስም። እንዲህ እያለ በየዓመቱ ከማሳው የተነሣው ሳይተካ ይቀራል። የመንዝ አባቶች ይህን በሳይንስ ቋንቋ ባይገልጹትም፣ መሬት ዕረፍት እንደሚሻ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በመንዝ ጌራ የሚገኘውን የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአጽመ ርስት ሥርዐት ከልክለው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ በአንድነት ያጭዱት ነበር። ማረሻ ባልነካውና ከብት ባልረገጠው መሬት ላይ ሳያኖባክቴሪያ፣ አልጌና የድንጋይ ሽበት ተጣምረው ስስ ሕያው ቅርፊት ሊሠሩ ይችላሉ፤ ይህም ቅርፊት አፈሩን ከጎርፍ ይይዛል፣ ከአየርም ናይትሮጅን ይስባል። አንዴ ከተሰበረ ግን መልሶ ለመገንባት ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

ልጁ ሣህለ ማርያም በዚህ ደጋ ብዙ አልቈዩም። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው በሸዋ ዙፋን ተቀመጡ። ከተማቸው አንድ ጊዜ አንኮበር፣ አንድ ጊዜ በደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ፣ በኋላም እንጦጦ ሆነ። ለዚህ መዘዋወር ፖለቲካና ጦርነት ብዙ ምክንያት አላቸው፤ ይሁንና አንደኛው ምክንያት ማገዶ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ የሰፈሩበት አካባቢ ደኑ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ ባላገሩ ግን ከተራቈተው መሬት ጋር ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን ነው። ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ጠራርጎ ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ከእርሻው ጋር ማዳበሪያውም ማገዶውም ጠፋ። አንድ እንስሳ ምን ያህል ሸክም ተሸክሞ እንደ ኖረ የታየው ያን ጊዜ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ የነገሡት ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ፤ መኳንንቱም ያለ በሬ መቈፈርን እንዳይንቁ ምሳሌ ሆኑ።

አዲስ አበባም የእንጦጦን ዕጣ ልትከተል ተቃርባ ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐዲስ ዓለም የተቈረቈረችው እንጨት በማለቁ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር ታስቦ ነው። ከተማዋን ያቈማት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለመግባቱም ብዙ ጊዜ ስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው አማካሪ ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ የተከለም ከመሬቱ ግብር እንዲቀነስለት አደረጉ። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፣ ተቈርጦም ያቈጠቍጣል፣ ከብትም አይበላውም።

ወቀሳው ግን ወዲያው ተከተለ። ውኃ ይመጣል፣ በአጠገቡ ሰብል አያበቅልም ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ተነቅሎ የሐር ትል ቅጠሉን በሚበላው ዛፍ እንዲተካ ታዘዘ። ትእዛዙን የፈጸመው ጥቂት ነው፤ ማገዶ የለመደ ከተማ በዐዋጅ አይመለስም። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ዛፉ በቦታው ነበር።

ወቀሳው ሐሰት አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ በርግጥ ከሰብሉ ጋር ውኃና ምግብ ይሻማል። ሆኖም ዛፉን በአፈር ጠላትነት ብቻ መፈረጅ የጉዳዩን ግማሽ መዘንጋት ነው፤ በዛፉ የተቀመጠ ማገዶ ሁሉ ከእሳት የተረፈ እበት ሊሆን ይችል ነበርና። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዛፉ መጀመሪያ ከተማውን አዳነ፤ ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደጋ ሲደርስም ባላገሩ ግንዱን ለገንዘብ ሸጦ ኩበቱን ማንደዱን ቀጠለ።

በዓለም ደረቅ ምድሮች በ224 ቦታዎች ላይ ተደርጎ በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ድርቀት ሲበረታ በአፈር ውስጥ ካርቦንና ናይትሮጅን እንደሚቀንሱ፣ ፎስፎረስ ግን በአንጻሩ እንደሚጨምር አሳይቷል። ካርቦንና ናይትሮጅን ደግሞ ምድጃውም ከኩበቱ የሚወስዳቸው ናቸው። የአየሩ ጠባይ እየሞቀ ሲሄድ እንደ መርሐ ቤቴ የጀማ ሸለቆ ያሉት ቈላዎች ይህን አስቀድመው ሊያዩት ይችላሉ። ከሸለቆው በላይ በደጋው ገበያ ኩበት ዛሬም በሸክም ይሸጣል።