ስሞችን በተራ ያስቀመጠው ሰው

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የአበል ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ወጥቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ታዘዝኩ። ስምንት መቶ ያህል ስም ነበር። የእኛ ሙያ ሰዎች እንደምናደርገው ስሞቹን አሬይ ውስጥ፣ ማለትም በተራ ቁጥር በሚጠራ የመረጃ ድርድር ውስጥ ከተትኩና ሶርት የምትባለውን አንዲት ትዕዛዝ ጻፍኩ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ አለቀ። አትሜ ለጠፍኩ፣ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ አንጋፋ የጥበቃ ሠራተኛ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ስማቸው ኃይሉ ነው። ከሀ ሥር ቢፈልጉ ቢፈልጉ ስማቸውን ስላጡት ከአበሉ ተሰርዣለሁ ብለው ደምድመዋል። አብረን ወርደን ፈለግን። ስማቸው አልጠፋም፤ ብዙ ገጽ አልፎ ከቸርነት ቀጥሎ፣ ከነጋ በፊት ተቀምጧል። መዝጋቢው ስማቸውን በብዙኃኑ ኀ ቤት ነበር የጻፈው። ኮምፒዩተር ደግሞ ሃሌታው፣ ሐመሩና ብዙኃኑ ለጆሯችን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ማሽኑም ያንን ቁጥር ብቻ እያየ ያወዳድራል። ለእሱ ሀይሉ፣ ሐይሉና ኃይሉ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ጋሽ ኃይሉን ይቅርታ ጠይቄ ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁ።

እንዲያው ለመሆኑ ስሞችን በተራ እንዲያስቀምጥ ኮምፒዩተርን በመጀመሪያ ያዘዘው ማን ይሆን የሚለው ጥያቄ ያደረብኝ ያን ጊዜ ነው። ፍለጋዬ ወደ አንድ በኮሌጅ ስሙን ለፈተና ወደ ሸመደድነው ሰው መራኝ፤ ወደ ጆን ቮን ኒውማን። ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

የተወለደው ታኅሣሥ መገባደጃ 1903 ላይ፣ ያኔ የኦስትሮ ሀንጋሪ ግዛት በነበረችው ቡዳፔስት ነው። ቤተሰቡ የሰጠው ስም ያኖሽ ነው። አባቱ ሚክሻ ኖይማን ሀብታም የባንክ ሰው፣ ቤተሰቡም አይሁዳዊ ነበር፤ “ቮን” የምትለዋ የክብር ቅጥያ የመጣችው አባትየው በ1913 የመኳንንት ማዕረግ ስለተሰጣቸው ነው። ልጁ ገና በጨቅላነቱ የስልክ ማውጫ ገጽ አንብቦ ስሞቹንና ቁጥሮቹን በቃሉ ይወጣ ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ወሬ ስለ ሊቃውንት ሲወራ መጠርጠር ደግ ነው፤ ይሁንና በጎልማሳነቱ አብረውት የሠሩ ሰዎችም ስለ ማስታወስ ችሎታው ተመሳሳይ ነገር መስክረዋል።

የአገራችን ወላጆች የሚያውቁት ጭንቀት የእሱንም አባት አላስቀራቸውም። ሒሳብ እንጀራ አያበላም ብለው ስለሰጉ ልጃቸው ኬሚካል ምህንድስና እንዲማር አደረጉ። እሱ ግን ሁለቱንም ያዘ። በ1926 ከዙሪክ የምህንድስና ዲፕሎማውን፣ በዚያው ዓመት ከቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዶክትሬቱን አገኘ። በርሊን ጥቂት አስተምሮ በ1930 ወደ አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ተሻገረ። በ1933 አልበርት አንስታይንም በተቀጠረበት የከፍተኛ ጥናት ተቋም ከመጀመሪያዎቹ ፕሮፌሰሮች አንዱ ሆነ። ዜግነቱን የለወጠው በ1937 ነው። በንጹሕ ሒሳብ፣ በኳንተም ሜካኒክስና በጌም ቲዎሪ ያደረገውን ሁሉ ብዘረዝር ይህ ገጽ አይበቃኝም፤ ወደ ባቡር ጣቢያው ልሂድ።

በ1944 በጋ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምትገኝ አበርዲን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኸርማን ጎልድስታይን የሚባል ሒሳብ አዋቂ የጦር መኮንን ባቡር ይጠብቃል። ቮን ኒውማን መድረኩ ላይ ቆሞ ሲያየው ድፍረት አሰባስቦ ሄዶ ተዋወቀው። በወሬ ወሬ ፊላዴልፊያ ውስጥ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በሰከንድ ከሦስት መቶ በላይ ማባዛት የሚችል ኤሌክትሮኒክ ማሽን እየተሠራ መሆኑን ነገረው። የቀልድ ወሬው እዚያ ላይ አበቃ። ጎልድስታይን በኋላ እንደጻፈው፣ ከዚያ ወዲያ የነበረው ጨዋታ ለዶክትሬት የሚደረግ የቃል ፈተና ይመስል ነበር።

ማሽኑ ኤንያክ ነው፤ አሥራ ስምንት ሺህ ያህል የቫኪዩም ቱቦ የተሸከመ ግዙፍ ነገር። ሠሪዎቹ ፕረስፐር ኤከርትና ጆን ሞክሊ ነበሩ። ኤንያክ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ሥራ በተቀየረ ቁጥር ሽቦው እየተነቀለ እንደገና ይሰካል፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ቡድኑ ኤድቫክ ስለሚባል ተከታይ ማሽን እየመከረ ነበር። በዚህኛው ትዕዛዞቹም መረጃዎቹም በአንድ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ አብረው እንዲቀመጡ ታሰበ። ማኅደረ ትውስታ ሲባል ዛሬ የምናውቀው ቺፕ አይምሰላችሁ፤ ሜርኩሪ በሞላበት ቱቦ ውስጥ እንደ ድምፅ እየተመላለሰ የሚቆይ ምት ነው።

ቮን ኒውማን ለዚህ ገና ላልተሠራ ማሽን በ1945 ፕሮግራም ጻፈ። በቀለም የተጻፈ 23 ገጽ ነው። ማሽኑ ከጦር ኃይሉ ጋር የተያያዘ ስለነበር የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ “ጥብቅ ምስጢር” ተብሎ የተጻፈና በኋላ የተፋቀ ጽሑፍ ዱካው ይታያል። ፕሮግራሙን በውስጡ ለሚይዝ ኮምፒዩተር ከተጻፉት ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዶናልድ ከኑዝ የተባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁር በ1970 መርምሮ ባሳተመው ጽሑፍ ነው ብዙ ሰው ያወቀው።

ታዲያ ፕሮግራሙ ምን ይሠራል? የመድፍ ተኩስ አይቀምርም። የተሰጠውን መዝገብ በተራ ያስቀምጣል፤ ሶርት ያደርጋል። እኔን ያስገረመኝ ይህ ምርጫ ነው። ኤንያክም ሆነ ኤድቫክ የተጠነሰሱት ለስሌት ነው። ስሞችን ወይም መዝገቦችን በተራ ማስቀመጥ ግን መደመር ማባዛት የለበትም፤ ማወዳደርና መወሰን ብቻ ነው። ለዚያ ሥራ ደግሞ የተበሱ ካርዶችን የሚለይ ራሱን የቻለ ማሽን በየቢሮው ነበር። ቮን ኒውማን ሊያውቅ የፈለገው፣ ለሒሳብ የታሰቡት ጥቂት ትዕዛዞች ሒሳብ ላልሆነ ሥራም ይበቁ እንደሆነ ነው። ካልበቁ ኤድቫክ ፈጣን የሒሳብ መኪና ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከበቁ ግን ሁሉን አቀፍ ማሽን ነው። በቁ።

ዘዴውን ለማስረዳት ሁለት ዕድሮች ተዋሐዱ እንበል። እያንዳንዱ ዕድር የአባላቱን ስም በፊደል ተራ ይዟል። ጸሐፊው ግራ ጣቱን በአንደኛው ዝርዝር አናት፣ ቀኝ ጣቱን በሁለተኛው አናት ላይ ያደርጋል። ከሁለቱ ስሞች በፊደል የሚቀድመውን አዲሱ መዝገብ ላይ ይጽፍና ያንን ጣት ብቻ አንድ ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ እያለ ሁለቱም ሲያልቁ የተዋሐደው መዝገብ በተራ ተጽፎ ያገኘዋል። ዝርዝሮቹ ገና በተራ ካልሆኑስ? አንድ ስም ብቻውን ሲሆን ምንጊዜም በተራ ነው፤ ከማን ጋር ይጣላል? አንድ አንዱን ስም አዋሕዶ ጥንዶች፣ ጥንዶቹን አዋሕዶ አራት አራት፣ ከዚያ ስምንት ስምንት እያሉ መውጣት ነው። አንድ ሚሊዮን ስም ቢሆን ሃያ ዙር ይበቃዋል፤ ማወዳደሩ ከሃያ ሚሊዮን አይበልጥም። እያንዳንዱን ስም ከእያንዳንዱ ጋር የሚያፋጥጠው የየዋህ መንገድ ግን አምስት መቶ ቢሊዮን ገደማ ማወዳደር ይጠይቃል።

“ጣቱን አንድ ዝቅ ማድረግ” ያልኩት ዛሬ አሬይ ላይ ተራ ቁጥሩን በአንድ መጨመር ነው። ያኔ ግን ማሽኑ ጣት አልነበረውም። ትዕዛዙ “ከዚህ አድራሻ አምጣ” የሚል ከሆነ ሁልጊዜ ከዚያው አድራሻ ብቻ ነው የሚያመጣው። መፍትሔው ትዕዛዞች ከመረጃ ጋር አንድ ቤት ማደራቸው ላይ ነበር፤ ፕሮግራሙ የገዛ ራሱን ትዕዛዝ እንደ መረጃ አንስቶ አድራሻውን በሚቀጥለው ይለውጥና መልሶ ያስቀምጠዋል። በሌላ አባባል በዝርዝር ላይ ለመራመድ በየእርምጃው ራሱን እየጻፈ ይሄድ ነበር። እኔ ይህን ባነበብኩ ማግስት አንዲት ፊልተር ወይም ማፕ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም ብላለች።

ዘዴው ዛሬም በሕይወት አለ። በ2002 በፓይተን የተጀመረውና በኋላ ጃቫም የወሰደው የሶርት ስልት የማዋሐድ ዘዴው ልጅ ነው። ስልቱ ደመወዛቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሠራተኞችን ቀድሞ የነበራቸውን ተራ አያናጋባቸውም፤ ጃቫስክሪፕትም ይህን ጠባይ በ2019 ደንብ አድርጎታል። (በነገራችን ላይ ጃቫስክሪፕት ካልነገሩት በስተቀር ቁጥርን እንደ ቃል ስለሚያወዳድር 10ን ከ9 ያስቀድማል። የደመወዝ ዝርዝር የምትሠሩ ወዳጆቼ ልብ በሉ።)

አሁን ወደማይመቸኝ ነገር ልግባ። ሰኔ 30 ቀን 1945 ስለ ኤድቫክ የተዘጋጀ 101 ገጽ ረቂቅ በጎልድስታይን አማካይነት ተባዝቶ ተሰራጨ። የዘመናዊ ኮምፒዩተር አሠራር በጽሑፍ ጥርት ብሎ የወጣበት ሰነድ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ግን አንድ ስም ብቻ ነው፤ የቮን ኒውማን። ኤከርትና ሞክሊ የሉም። ለወራት ስብሰባ የተቀመጡት፣ የሜርኩሪውን ቱቦ ሐሳብ ያመጡትና ማሽን የመሥራቱን ፍዳ የሚያውቁት መሐንዲሶች ከዝርዝሩ ወጡ። ዛሬም ድረስ በየክፍሉ የሚሰጠው ትምህርት “የቮን ኒውማን አርክቴክቸር” ይባላል።

ይህ ለሁለቱ ሰዎች የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1947 የጦር ኃይሉ የሕግ ሰዎች ረቂቁ መሰራጨቱ እንደ ኅትመት ስለሚቆጠር ለኤድቫክ ፓተንት የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል አሉ። ኤከርትና ሞክሊ ቀደም ብለው ዩኒቨርሲቲውን ለቀው የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ቅሬታቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልበረደም። ለቮን ኒውማን መከራከሪያ አይጠፋም። ጽሑፉ ያላለቀ ረቂቅ ነበር፣ ያሰራጨው እሱ አይደለም፣ ሐሳቡም የሁሉም እንዲሆን ይፈልግ ነበር። በእርግጥም በፕሪንስተን ያሠራውን ማሽን ንድፍ ለጠየቀ ሁሉ ስለሰጠ ከኢሊኖይ እስከ ሲድኒ፣ ከሎስ አላሞስ እስከ እስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ድረስ ቅጂዎቹ ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ረቂቁ ታርሞ የሁሉም ስም ያለበት ሁለተኛ እትም አልወጣም። እኔ የዚህን ሰው አእምሮ ባደንቅም በዚህ ጉዳይ ሚዛኔ ወደ መሐንዲሶቹ ያደላል። ስሙን ሰሌዳ ላይ ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው አይቻለሁና።

ከዝርዝሩ የወጡት እነሱ ብቻም አይደሉም። የኤንያክን ሽቦ እየሰኩ ያዘጋጁት ስድስት ሴቶች ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሳቸውም። ከእነሱ አንዷ ቤቲ ሆልበርተን በ1951 ለኤከርትና ሞክሊው ዩኒቫክ፣ እንደየመረጃው ዓይነት የሶርት ፕሮግራም ራሱ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርታለች። የቮን ኒውማን ሁለተኛ ሚስት ክላራም በ1948 በኤንያክ ላይ ለሠራው የኒውክሌር ስሌት ኮዱን ከጻፉት አንዷ ነበረች።

የኒውክሌር ነገር ከተነሳ፣ ቮን ኒውማን ከ1943 ጀምሮ ሎስ አላሞስ እየተመላለሰ ናጋሳኪ ላይ ለወደቀው ቦምብ የፍንዳታ ሒሳብ ዋና ሰው ነበር። በ1945 ጸደይ፣ ያ የሶርት ፕሮግራም በሐሳቡ በነበረበት ሰሞን፣ የትኞቹ የጃፓን ከተሞች ይመቱ የሚለውን ዝርዝር ባወጣው ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጧል። የዝርዝሩ አናት ላይ የነበረችው፣ እሱም የደገፋት ኪዮቶ ነበረች። ከተማዋን ከዝርዝሩ ያስወጣት የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ነው።

በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። በዚያው ዓመት ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የነፃነት ሜዳልያ ሲሸልሙት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የተቀበለው። ከዚያ ዋሽንግተን በሚገኘው ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ተኛ። በመድኃኒት ብዛት ምስጢር እንዳያወጣ ወታደሮች በር ላይ ይጠብቁት ነበር። ሞትን እጅግ ፈራ፤ በሃይማኖት ጉዳይ ግዴለሽ የነበረው ሰው የካቶሊክ ቄስ አስጠራ።

ሴት ልጁ ማሪና በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ከዚያ ክፍል አንድ ነገር አስቀምጣለች። አባቷ ቀላል ቀላል የመደመር ጥያቄ እንድትጠይቀው ለመናት፤ ሰባት ሲደመር አራት ያህል። አእምሮው ገና አብሮት እንዳለ ማረጋገጥ ፈልጎ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ጠየቀችው። ከዚያ አላስችል ብሏት እያለቀሰች ከክፍሉ ወጣች። የካቲት 8 ቀን 1957 ዐረፈ፤ 53 ዓመቱ ነበር።