ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ

ዊልያም ኤድዋርድ በርግሃርት ዱ ቦይስ (ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1868 – ኦገስት 27 ቀን 1963 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ጋዜጠኛና የጥቁር ሕዝቦች መብት ታጋይ ነበሩ። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ዛሬ ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው በ1903 ባሳተሙት «የጥቁር ሕዝብ ነፍሳት» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። በዘመናቸው ግን ተራው አንባቢ የሚያውቃቸው ለ24 ዓመታት ያህል ባዘጋጁት «ክራይሲስ» በተባለው ወርኃዊ መጽሔት ነበር። ሙያውን የጀመሩት ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በፊስክ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ በመሥራት ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ራሱን የቻለ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የከፈተው በ1908 ነው።

የቤተሰብ ስማቸው አጻጻፉ የፈረንሳይኛ ቢሆንም እሳቸው «ዱ ብዋ» ተብለው መጠራት አይፈልጉም ነበር፤ ትክክለኛው አጠራር «ዱ ቦይስ» ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያ ዘገባዎች

ዱ ቦይስ የተወለዱት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ግሬት ባሪንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጊዜው ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። አባታቸው አልፍሬድ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡን ትተው ሄዱ። እናታቸው ሜሪ ሲልቪና በርግሃርት በሕመም ምክንያት ከፊል አካላቸው ሽባ ቢሆንም ልጃቸውን በዘመዶች እርዳታና በሚያገኙት ጥቃቅን ሥራ አሳደጉ። በከተማዋ ጥቁሮች ጥቂት ስለነበሩ ልጁ ከነጮች ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ፍራንክ ሆስመር ደግሞ ለኮሌጅ የሚያበቃቸውን ትምህርት እንዲወስዱ አበረታቷቸው።

የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ በ1883 ቲ ቶማስ ፎርቹን ያዘጋጁት ለነበረው «ኒው ዮርክ ግሎብ» ለተባለ የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ የከተማዋ ወኪል ሆኑ። ሥራው ጋዜጣውን መሸጥንም ወሬ መላክንም ይጨምር ነበር። ከላኳቸው ዘገባዎች አብዛኞቹ ማን ከማን ጋር ተጋባ፣ የቤተ ክርስቲያን የስፌት ማኅበር መቼ ተሰበሰበ የሚሉ ትናንሽ ወሬዎች ናቸው። በመካከል ግን ታዳጊው ዘጋቢ የከተማዋ ጥቁሮች በሕዝባዊ ስብሰባ እንዲገኙና የንባብ ክበብ እንዲያቋቁሙ መምከር አላስቀሩም። ያ ወሬን ከምክር የማቀላቀል ጠባይ እስከ እርጅናቸው አብሯቸው ቆየ። በአካባቢው ትልቅ ጋዜጣ በነበረው «ስፕሪንግፊልድ ሪፐብሊካን» ላይም ይጽፉ ነበር።

ትምህርታቸውን በ1884 ጨርሰው በዓመቱ እናታቸው ሞቱ። የኮሌጅ ወጪያቸውን የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ አዋጥተው ሸፈኑላቸው። እሳቸው ያለሙት ሃርቫርድን ቢሆንም የረዷቸው ሰዎች የመረጡላቸው በቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ የሚገኘውን ፊስክን ነበር።

በፊስክ ሄራልድ

ፊስክ የተቋቋመው በ1866፣ የባርነት ሥርዓት ባበቃ ማግሥት፣ ነፃ የወጡ ጥቁሮችን ለማስተማር ነው። በ1871 ተነሥቶ ገንዘብ ለማሰባሰብ አሜሪካንና አውሮፓን በዞረው የመዝሙር ቡድኑ ዝነኛ ሆኖ ነበር። ዱ ቦይስ በ1885 ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በዙሪያቸው ያሉት ተማሪዎች ሁሉ ጥቁሮች ሆኑ። ወደ ከተማ ሲወጡ ለመከላከያ ሽጉጥ የሚይዙ ተማሪዎችን ማየታቸውም አስደነገጣቸው። በሰሜን ያላዩትን ጠንካራ የዘር መለያየት ያወቁት እዚያ ነው።

«ፊስክ ሄራልድ» በ1880ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተ፣ በተማሪዎች የሚዘጋጅ ወርኃዊ ጋዜጣ ነበር። ዱ ቦይስ እየጻፉበት ቆይተው በመጨረሻው የትምህርት ዓመታቸው፣ በ1887 እና 1888፣ ዋና አዘጋጅ ሆኑ። በግሎብ ጊዜ የነበረባቸው ኃላፊነት የራሳቸውን ወሬ ጽፎ መላክ ብቻ ነበር፤ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ኒው ዮርክ የተቀመጠው አዘጋጅ ነው። በሄራልድ ግን ውሳኔው የእሳቸው ሆነ። በየወሩ ገጹ መሙላት አለበት፤ አንባቢዎቹም በማግሥቱ በምግብ አዳራሽ ፊት ለፊት የሚያገኟቸው ጓደኞችና መምህራን ናቸው።

ከትምህርት በተረፉት ሁለት የዕረፍት ወቅቶች ዱ ቦይስ በቴነሲ ገጠር፣ አሌግዛንድሪያ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የድሃ ገበሬዎችን ልጆች አስተማሩ። ሥራውን ያገኙት በእግራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ አስተማሪ የሚፈልግ ቦታ በመጠየቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ቀድሞ በቆሎ ይቀመጥበት የነበረ የግንድ ጎጆ ነው። ይህን ተሞክሮ መሠረት አድርገው «ቶም ብራውን በፊስክ» የሚል ተከታታይ ልብ ወለድ በሄራልድ ላይ አወጡ። ታሪኩ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ እነዚያው መንደሮች ከአሥር ዓመት በኋላ በ1899 «አትላንቲክ መንዝሊ» ላይ በወጣ ድርሰት ተመለሱ፤ ድርሰቱም ተሻሽሎ የ«ጥቁር ሕዝብ ነፍሳት» አንድ ምዕራፍ ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ጸሐፊው በመካከል ምን እንደተማሩ በግልጽ ያያል።

ከሃርቫርድ እስከ አትላንታ

ሃርቫርድ በ1888 ቢቀበላቸውም የፊስክን ዲግሪ ከራሱ እኩል ስላልቆጠረው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አድርጎ መደባቸው። በሄራልድ አዘጋጅነት ብዕራቸውን የሚያምኑት ወጣት በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ትምህርት ያቀረቡት የመጀመሪያ ድርሰት ዝቅተኛ ውጤት አገኘ፤ በስሜት የተሞላ፣ ለሰዋስው ግን ግድ የሌለው ነበር። ተበሳጭተው ከመተው ይልቅ ተጨማሪ የአጻጻፍ ትምህርት ተመዘገቡ። ከ1892 እስከ 1894 በበርሊን አጥንተው ተመለሱና በ1895 ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1899 «የፊላደልፊያው ጥቁር» የተባለውን ቤት ለቤት በተደረገ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ጥናት አሳተሙ፤ ከ1897 ጀምሮም በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በእነዚህ ዓመታት የዱ ቦይስ እምነት ትክክለኛ መረጃ ከቀረበ ጭፍን ጥላቻ ይሸነፋል የሚል ነበር። በ1899 ግን በጆርጂያ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ተሠቃይቶ ተገደለ። ዱ ቦይስ ስለ ጉዳዩ የጻፉትን ይዘው ወደ አንድ የአትላንታ ጋዜጣ ቢሮ በእግር ሲሄዱ የሟቹ የጣት አጥንቶች በመንገዱ ባለ ሱቅ ለእይታ መቅረባቸውን ሰሙ። ወደ ጋዜጣው ሳይደርሱ ተመለሱ። የሰው ሥጋ ለትርዒት በሚቀመጥበት አገር የተረጋጋ ምሁር ሆኖ ጥናት ብቻ መጻፍ እንደማይበቃ የተረዱት ያን ቀን እንደሆነ በኋላ ጽፈዋል።

የራሳቸውን ጋዜጣ የማቋቋም ሙከራቸው መጀመሪያ ላይ አልሰመረም። በ1905 መጨረሻ ሜምፊስ ከተማ ላይ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጋር «ሙን» የተባለ ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጀመሩ፤ ዓመት ሳይሞላው ገንዘብ አልቆበት ቆመ። በ1907 የጀመረው «ሆራይዘን» እስከ 1910 ተንገዳገደ።

ክራይሲስ

በ1910 ዱ ቦይስ የማስተማር ሥራቸውን ትተው የጥቁሮች መብት ማኅበር በሆነው ኤንኤኤሲፒ ለመሥራት ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። የ«ክራይሲስ» የመጀመሪያ ዕትም በኖቬምበር 1910 በ1,000 ቅጂ ወጣ። በ1919 ሥርጭቱ 100,000 ደረሰ። መጽሔቱ ለዓመታት ወጪውን ከራሱ ሽያጭ ይሸፍን ስለነበር አዘጋጁ የማኅበሩን አመራር ብዙም ሳይፈሩ ይጽፉ ነበር።

በየወሩ ያለ ፍርድ የተገደሉ ጥቁሮች ይቆጠሩበት ነበር። በ1916 በቴክሳስ ዌኮ ከተማ ጄሲ ዋሽንግተን የተባለ ወጣት በእሳት ሲገደል መጽሔቱ ጉዳዩን በቦታው አስመርምሮ ከፎቶግራፍ ጋር ልዩ ዕትም አወጣ። ከዚህ ጎን ለጎን በየዓመቱ የትምህርት ዕትም እየተዘጋጀ ከኮሌጅ የተመረቁ ጥቁሮች ፎቶግራፍ ይታተም ነበር። ጄሲ ፎሴት የሥነ ጽሑፉን ክፍል በያዙበት ጊዜ ወጣቱ ላንግስተን ሂዩዝ የመጀመሪያ ታዋቂ ግጥሙን ያወጣው በዚሁ መጽሔት ነው። በ1920 እና 1921 ደግሞ ለጥቁር ሕፃናት «ብራውኒስ ቡክ» የተባለ መጽሔት አዘጋጁ።

ስሕተት የተባለባቸውም አለ። በጁላይ 1918 ጥቁሮች ጦርነቱ እስኪያልቅ ቅሬታቸውን ወደ ጎን እንዲተዉ የሚመክር ርዕሰ አንቀጽ ጻፉ። በዚያው ሰሞን በጦር ሠራዊቱ የመረጃ ክፍል የሻምበልነት ማዕረግ እየጠበቁ እንደነበር ሲታወቅ ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ ተቆጡ። ማዕረጉም ሳይሰጣቸው ቀረ። በሜይ 1919 ከጦርነት የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች በአገራቸው ለመብታቸው እንዲታገሉ የሚጠራ ጽሑፍ ሲያወጡ ግን የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ዕትሙን ለአንድ ቀን አገደው።

ወደ ፊስክ መመለስ

በ1920ዎቹ የፊስክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፌየት ማኬንዚ ከነጭ ባለሀብቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሉ በተማሪዎች ላይ ጥብቅ ሥነ ሥርዓት ጣሉ። የተማሪዎች ምክር ቤትን ከለከሉ፤ የሴቶችን አለባበስ ሳይቀር ወሰኑ፤ «ፊስክ ሄራልድ»ንም ዘጉት። ዱ ቦይስ በጁን 1924፣ ሴት ልጃቸው ዮላንዴ በምትመረቅበት ሰሞን፣ በዩኒቨርሲቲው የጸሎት አዳራሽ ፕሬዚዳንቱ ባሉበት ተነሥተው አስተዳደሩን በይፋ ነቀፉ። ከዚያም የተዘጋው ሄራልድ በቀድሞ ተማሪዎች አማካይነት ከኒው ዮርክ እንዲወጣ አደረጉ።

በፌብሩዋሪ 1925 ማኬንዚ በተማሪዎች ተቃውሞ ላይ ፖሊስ ሲጠሩ ተማሪዎቹ ትምህርት አቆሙ፤ አድማው ለሳምንታት ቆየ። በኤፕሪል ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን ለቀቁ።

የራሳቸው ተራ የደረሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በኢኮኖሚው ድቀት የክራይሲስ ሽያጭ ወርዶ መጽሔቱ የማኅበሩ ገንዘብ ጥገኛ ሆኖ ነበር። ዱ ቦይስ ጥቁሮች የራሳቸውን የኢኮኖሚ ተቋማት ለብቻቸው ማጠናከር አለባቸው ብለው መጻፋቸው ከማኅበሩ አቋም ጋር አጋጫቸው። ቦርዱ ያለ ፈቃድ ማኅበሩን በመጽሔቱ መተቸት የሚከለክል ውሳኔ ሲያሳልፍ በ1934 ለቀቁ።

ኢትዮጵያና የመጨረሻ ዓመታት

ዱ ቦይስ የኢትዮጵያን ስም ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ አድርገው ይወስዱት ነበር። በ1913 «የኢትዮጵያ ኮከብ» የተባለ ትልቅ ታሪካዊ ትርዒት ኒው ዮርክ ላይ አሳዩ፤ በኋላም በሌሎች ከተሞች ተደገመ። ጣሊያን በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ስትወርር በዚያው ወር «ፎሪን አፌርስ» መጽሔት ላይ ወረራው የዓለምን ነጭ ያልሆኑ ሕዝቦች በአውሮፓ ላይ የነበራቸውን ቀሪ እምነት እንደሚያጠፋ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ።

በ1951 ለሰላም ንቅናቄ በመሥራታቸው የውጭ መንግሥት ወኪል ናቸው ተብለው ተከሰው በነፃ ተሰናበቱ፤ ሆኖም እስከ 1958 ድረስ ፓስፖርት ተነፈጋቸው። በ1961 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በክዋሜ ንክሩማ ግብዣ የአፍሪካ ኢንሳይክሎፔዲያ ለማዘጋጀት ወደ ጋና ሄዱ። ሥራው ሳይጠናቀቅ አክራ ላይ በ95 ዓመታቸው አረፉ። በማግሥቱ በዋሽንግተን ለታላቁ ሰልፍ የተሰበሰበው ሕዝብ መሞታቸውን ከመድረኩ ሰማ።

ደብዳቤዎቻቸውና ረቂቆቻቸው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት በስማቸው በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ አብዛኛው በዲጂታል መልክ ተቀይሮ ለማንም ክፍት ስለሆነ በእጅ የታረሙ ረቂቆቻቸውን ሳይቀር በኮምፒውተር ማየት ይቻላል።